ሊኑክስ ተርሚናል ላይ ሎግኢን እምቢ ሲል፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፍታት

ተርሚናል ከፈታችሁ። «ሎግኢን» ብላችሁ ጻፋችሁ። አንድ መስመር ስህተት መለሰላችሁ። ወይም ደግሞ ፓስወርዳችሁን ሦስት ጊዜ አስገብታችሁ ሦስቱንም ጊዜ ተባረራችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ይጭናል፤ ፋይሎቹንም አብሮ ያጣል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ትዕዛዝ የሚስተካከል ነው። የት ቦታ እንደሆነም ኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን እዚህ ያስቀመጥኳቸው በአማርኛ ፊደል ነው። እናንተ የምትተይቡት በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ነው። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ እነግራችኋለሁ። አነባበቡ የሚያሳስት ቃል ሲመጣ ፊደል በፊደል እለየዋለሁ። «ስም» ያልኩበት ቦታ ላይ የተጠቃሚውን ስም አስገቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. የስህተት መልእክቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «ኦተንቲኬሽን ፌይለር» እና «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። «አልገባ አለኝ» ብቻ ካላችሁ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም።
2. ከተቻለ ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንደኛው ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋናው አስተዳዳሪ) ሆናችሁ ከገባችሁ፣ በሁለተኛው ሞክራችሁ መሥራቱን እስክታዩ ድረስ የመጀመሪያውን አትዝጉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።
3. ማንኛውንም ፋይል ከመነካካታችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ። ለምሳሌ «ሲፒ .ፕሮፋይል .ፕሮፋይል.ኦልድ»።
4. ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙና ኃላፊነት ያለበትን ሰው ጠይቁ። ከታች ያሉት እርምጃዎች በራሳችሁ ማሽን ላይ የምትሠሯቸው ናቸው።

ደረጃ 1፦ «ሎግኢን» የሚለው ትዕዛዝ ራሱ ነው ወይ ያስቸገራችሁ?

«ሎግኢን» የሚባለው ፕሮግራም ቦታው የተርሚናል መስኮት አይደለም። ሥራው ጥቁሩ ኮንሶል ላይ ስምና ፓስወርድ ተቀብሎ ሰው ማስገባት ነው። እዚያ የሚያስነሳው ሥርዓቱ ስለሆነ የሩት ሥልጣን ይዞ ይሠራል። የተርሚናል መስኮት ግን የተከፈተው ቀድማችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው። ተራ ተጠቃሚ ሆናችሁ ስትጠሩት «ካኖት ፖሲብሊ ወርክ ዊዝአውት ኢፌክቲቭ ሩት» ይላል። ያለ ሩት ሥልጣን መሥራት አልችልም ማለቱ ነው። የተበላሸ ነገር የለም።

ከፊቱ «ሱዶ» (አንድን ትዕዛዝ በሩት ሥልጣን የሚያስኬደውን) ጨምራችሁ ለማስገደድ አትሞክሩ። ይልቁንም ምን ፈልጋችሁ እንደነበር ለዩ።

ወደ ሌላ ተጠቃሚ ለመቀየር ከሆነ «ሱ - ስም» ጻፉ። ኤስ፣ ዩ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ስሙ።

ሩት ለመሆን ከሆነ «ሱዶ -አይ»።

ያስተካከላችሁት ቅንብር እንደ አዲስ እንዲነበብ ከሆነ «ባሽ -ኤል»።

የምር ጥቁሩን የመግቢያ ስክሪን ከፈለጋችሁ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኑ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ የኤፍኤን ቁልፍም መጨመር አለበት። ለመመለስ በኤፍ2 ወይም በኤፍ1 ሞክሩ። ፋይላችሁ አይጠፋም፤ የከፈታችሁት ሁሉ እዚያው ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 2፦ ፓስወርዱ በትክክል እየገባ ነው?

ፓስወርድ ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ኮከብም ነጥብም የለም። ብዙ ጀማሪ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለውና ደጋግሞ ይመታል፤ ፓስወርዱም በዚያው ይበላሻል። ዝም ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። መሃል ላይ ከተሳሳታችሁ ኮንትሮል እና ዩ ተጫኑ። የጻፋችሁት ሁሉ ይጠፋና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

አሁን የእኛ ነገር። አማርኛ ኪቦርድ የጫነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። አማርኛው እንደበራ ፓስወርድ ስትጽፉ የምትልኩት የግዕዝ ፊደል ነው፤ ምንም ስለማይታይ ደግሞ አታውቁትም። ፓስወርድ ከመጠየቁ በፊት፣ ባዶው መስመር ላይ ጥቂት ፊደሎችና ቁጥሮች ተይቡ። ኮማ እና ሁለት ነጥብ መምታትም አትርሱ፤ አማርኛው ሲበራ እነሱም ወደ አማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ሊቀየሩ ይችላሉ። አማርኛ ከወጣ በኖም (ኡቡንቱ በሚጠቀምበት የዴስክቶፕ ገጽታ) ላይ ሱፐር የሚባለውን የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ክፍተት ምቱ፤ ቋንቋው ይቀየራል። ካፕስ ሎክንም በዚሁ አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሙከራ ብላችሁ ሙሉ ፓስወርዱን ባዶው መስመር ላይ አትጻፉ። ኢንተር ከመታችሁት በትዕዛዝ ታሪክ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የማን ፓስወርድ ነው? «ሱዶ» የሚጠይቀው የእናንተን ነው። «ሱ» የሚጠይቀው ልትሆኑት የፈለጋችሁትን ሰው ፓስወርድ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሩት ሲጫን ጀምሮ ፓስወርድ የለውም፤ ተቆልፏል። ስለዚህ ኡቡንቱ ላይ «ሱ -» ብላችሁ የራሳችሁን ፓስወርድ መቶ ጊዜ ብታስገቡ መልሱ «ኦተንቲኬሽን ፌይለር» ነው። «ሱዶ -አይ» ተጠቀሙ፣ በቃ።

ደረጃ 3፦ «ሱዶየርስ ፋይል ውስጥ የለም» ሲላችሁ

ፓስወርዱን ተቀብሎ ግን «ኢዝ ኖት ኢን ዘ ሱዶየርስ ፋይል» ካለ፣ ማንነታችሁን አምኗል፤ ሥልጣን ግን አልተሰጣችሁም። ይህ ዴቢያን ላይ በብዛት ያጋጥማል። ዴቢያን ስትጭኑ ለሩት ፓስወርድ ከሰጣችሁ፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሱዶ አይሰጠውም።

1. «ሱ -» ብላችሁ በሩት ፓስወርድ ግቡ። ሰረዟን አትርሱ። ከዴቢያን 10 ጀምሮ ሰረዝ የሌለው «ሱ» የእናንተን የድሮ ፓዝ (ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) ይዞ ስለሚቀር፣ ቀጣዩን ትዕዛዝ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ አልተጫነም ብሎ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።
2. «ዩዘርሞድ -ኤጂ ሱዶ ስም» ጻፉ። ኤ ትንሽ፣ ጂ ግን ትልቅ ፊደል ነው። ፌዶራ እና አርች ላይ «ሱዶ» በሚለው ግሩፕ ምትክ «ዊል» ይገባል፤ ደብሊዩ፣ ኤች፣ ኢ፣ ኢ፣ ኤል።
3. ሙሉ በሙሉ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። አዲስ ተርሚናል መክፈት ብቻ አይበቃም፤ የግሩፕ ለውጥ የሚነበበው ሎግኢን ሲደረግ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንሿን ኤ ከረሳችሁ ትዕዛዙ መጨመሩን ትቶ መተካት ይጀምራል። ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ያስወጣችኋል። ከኢንተር በፊት መስመሩን ሁለቴ አንብቡ።

ደረጃ 4፦ አካውንቱ ተቆልፎ ይሆን?

ፓስወርዱ ትክክል ነው ብላችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁ የአካውንቱን ሁኔታ እዩ። ሱዶ ያለው ሌላ ተጠቃሚ ወይም የተከፈተ የሩት ተርሚናል ያስፈልጋችኋል።

«ሱዶ ፓስውድ -ኤስ ስም» ጻፉ። ኤሷ ትልቅ ናት። ፓስውድ የሚለው ቃል ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ደብሊዩ፣ ዲ ነው፤ ኦ እና አር የሉበትም። ከስሙ ቀጥሎ የሚወጣውን ፊደል ተመልከቱ። ፒ ከሆነ ፓስወርድ አለው፣ ደህና ነው። ኤል ወይም ኤልኬ ከሆነ ተቆልፏል። ኤንፒ ከሆነ ፓስወርድ ጭራሽ የለውም።

የሰው አካውንት ተቆልፎ ካገኛችሁት «ሱዶ ፓስውድ -ዩ ስም» ይከፍተዋል። ሥርዓቱ ለራሱ የፈጠራቸው አካውንቶች ግን ተቆልፈው መኖር ያለባቸው ስለሆኑ አትንኳቸው።

አርች ላይ ሌላ ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ትቆለፋላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትክክለኛውን ፓስወርድ ብታስገቡም አይቀበልም። ሰው የሚደናገጠው ለዚህ ነው፤ ፓስወርዴ ተቀየረብኝ ይላል። ወይ ጠብቁ፣ ወይ በሩት «ፌይሎክ --ዩዘር ስም --ሪሴት» ጻፉ። ፌይሎክ ኤፍ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኦ፣ ሲ፣ ኬ ነው፤ ኤል ሁለት ነው።

ደረጃ 5፦ ሼሉ አለ ወይ?

እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሲገባ የሚነሳለት ፕሮግራም አለ። ሼል ይባላል። ያ ፕሮግራም ከጠፋ ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም የምትገቡበት ቦታ የለም።

አንድ ጓደኛዬ ዜድሼልን መደበኛ ሼሉ አድርጎ ወራት ተጠቀመበት። ከዚያ ሰለቸውና ፕሮግራሙን አጠፋው፤ ሼሉን ግን ወደ ባሽ አልመለሰም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ሲያደርግ ጥቁሩ ኮንሶል ላይ ስሙንም ፓስወርዱንም ተቀብሎ ወዲያው ያባርረዋል። ግማሽ ቀን ፓስወርድ ሲቀይር ዋለ። ጥፋቱ ፓስወርዱ ጋ አልነበረም።

የሚታየው በዚህ ነው፦

«ግሬፕ ስም /ኢቲሲ/ፓስውድ»

ግሬፕ ጂ፣ አር፣ ኢ፣ ፒ ነው። አንድ መስመር ይወጣል፤ በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ። የመጨረሻው ክፍል ሼሉ ነው። ሦስት ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

«/ቢን/ባሽ» ከሆነ ደህና ነው፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

መጨረሻው «ኖሎግኢን» ከሆነ ይህ አካውንት ሰው እንዳይገባበት ሆን ተብሎ ተዘግቷል። ስትሞክሩ «ዚስ አካውንት ኢዝ ከረንትሊ ኖት አቬይለብል» ይላችኋል። «/ቢን/ፎልስ» ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይናገር ያባርራችኋል። የአገልግሎት አካውንት ከሆነ ተዉት።

ሌላ ሼል ከሆነ መኖሩን አረጋግጡ። «ኤልኤስ» ብላችሁ የሼሉን ሙሉ አድራሻ ጻፉ። «ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክቶሪ» ካለ ጥፋተኛውን አገኛችሁ። መፍትሔው፦

«ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤስ /ቢን/ባሽ ስም»

እዚህ ላይ ኤሷ ትንሽ ናት።

ልብ በሉ፣ በሌላው መንገድ ማለትም ሲ፣ ኤች፣ ኤስ፣ ኤች በሚለው ትዕዛዝ ለማስተካከል ብትሞክሩ ኡቡንቱ እና ዴቢያን ላይ «ፓም፦ ኦተንቲኬሽን ፌይለር» ሊላችሁ ይችላል። ፓም ማንነትን የሚያረጋግጠው የሊኑክስ ክፍል ነው። ፓስወርዱ ተሳስቶ አይደለም። ያ ትዕዛዝ አሁን ያለው ሼላችሁ «/ኢቲሲ/ሼልስ» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያያል፤ ከሌለ አይፈቅድም። ለዚህ ነው ከላይ ያለውን የምመርጠው።

ደረጃ 6፦ ገብታችሁ ወዲያው ከተባረራችሁ፣ ወይም ቅንብራችሁ ካልታየ

መጀመሪያ ይህን ሙከራ አድርጉ። «ሱ - ስም» እምቢ ብሎ «ሱ ስም» ያለ ሰረዝ ከሠራ፣ ችግሩ ሲገባ በሚነበቡት ፋይሎች ውስጥ ነው። ሰረዟ ሙሉ ሎግኢን አድርግ ማለት ናት፤ ያለ እሷ እነዚያ ፋይሎች አይነበቡም።

ባሽ ሙሉ ሎግኢን ሲደረግ በቅድሚያ «/ኢቲሲ/ፕሮፋይል»ን ያነባል። ከዚያ በቤታችሁ ፎልደር ውስጥ ሦስት ፋይሎችን በተራ ይፈልጋል፦ «.ባሽ_ፕሮፋይል»፣ «.ባሽ_ሎግኢን»፣ «.ፕሮፋይል»። ቀድሞ ያገኘውን አንዱን ብቻ አንብቦ ሌሎቹን ይተዋል። ተራ የተርሚናል መስኮት ግን እነዚህን አያነብም፤ የሚያነበው «.ባሽአርሲ» የሚባለውን ነው። የብዙ ሰው ችግር ከዚህ ይመነጫል።

«.ፕሮፋይል» ላይ የጻፍኩት አይሠራም የምትሉ ከሆነ «.ባሽ_ፕሮፋይል» መኖሩን እዩ። አንዳንድ ፕሮግራም ሲጫን ሳይጠይቃችሁ ይፈጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ የድሮው ፋይላችሁ እንደሌለ ይቆጠራል። አዲሱ ፋይል ውስጥ «. ~/.ፕሮፋይል» የሚል መስመር ጨምሩ። ነጥብ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የፋይሉ አድራሻ። ሁለቱም ይነበባሉ። ግን «.ፕሮፋይል» ራሱ ተመልሶ «.ባሽ_ፕሮፋይል»ን እንደማይጠራ አረጋግጡ፤ ከጠራ ማብቂያ የሌለው ዙር ይሆናል።

የተከፈተው ተርሚናል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ «ኢኮ $0» ጻፉ። ኢኮ ኢ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ ነው። መልሱ ከፊቱ ሰረዝ ካለው ሙሉ ሎግኢን ነው። ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ ተራ መስኮት ነው፤ በ«ባሽ -ኤል» የተከፈተ ግን ሙሉ ሎግኢን ቢሆንም ሰረዝ አያሳይም።

የኖም ተርሚናል በፕሪፈረንስ ውስጥ፣ ፕሮፋይላችሁን ስትከፍቱ፣ «ኮማንድ» በሚለው ክፍል ሥር «ራን ኮማንድ አዝ ኤ ሎግኢን ሼል» የሚል ሳጥን አለው። የሩቢ ሰዎች የሚጠቀሙበት አርቪኤም ይህ እንዲበራ ይጠይቃል። ኮንሶል የሚባለውን የኬዲኢ ተርሚናል የምትጠቀሙ በፕሮፋይሉ የኮማንድ ቦታ ላይ «/ቢን/ባሽ -ኤል» አስገቡ። እኔ ግን አንድ ፕሮግራም ካልጠየቃችሁ ሳጥኑን አታብሩት እላለሁ። ለተርሚናል የሚያስፈልገውን «.ባሽአርሲ» ውስጥ ብታስገቡ ይሻላል።

ገብታችሁ ወዲያው የምትወጡ ከሆነ፦

1. ከሌላ ተጠቃሚ ወይም ከሩት ተርሚናል ወደ ቤት ፎልደሩ ሂዱ።
2. «ባሽ -ኤን .ፕሮፋይል» ጻፉ። ዝም ካለ የአጻጻፍ ስህተት የለም። ከተናገረ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል።
3. ዝም ካለም ፋይሉን ከፍታችሁ «ኤግዚት» የሚል ወይም በ«ኤግዜክ» የሚጀምር መስመር ፈልጉ። አጻጻፋቸው ትክክል ስለሆነ ፍተሻው አይዛቸውም፤ ግን የሚያስወጧችሁ እነሱ ናቸው።
4. ምንም ካላገኛችሁ የፋይሉን ስም ቀይሩና ያለ እሱ ግቡ።

ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ አስተካክላችሁ ያመጣችሁት ከሆነ በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ምልክት ይቀራል። መልእክቱ ውስጥ ባክስላሽ ያለው «\አር» ታያላችሁ። «ዶስ2ዩኒክስ .ፕሮፋይል» ያጠራዋል። ፕሮግራሙ ከሌለ መጀመሪያ ጫኑት።

ደረጃ 7፦ ዲስኩ ሞልቷል? የፋይሉ ባለቤት ማነው?

ፓስወርዱን ተቀብሎ ወደዚያው የመግቢያ ስክሪን ከመለሳችሁ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ኤፍ3 ተጫኑና በጥቁሩ ኮንሶል ግቡ።

«ዲኤፍ -ኤች» ጻፉ። ከ«/» አጠገብ 100 በመቶ ካያችሁ ዲስኩ ሞልቷል። ኡቡንቱ እና ዴቢያን ላይ «ሱዶ አፕት ክሊን» ቶሎ ቦታ ይለቃል። ቦታ እያለ አሁንም ጽፌ ማስቀመጥ አልቻልኩም የሚል ከሆነ «ዲኤፍ -አይ» እዩ፤ የፋይል ቁጥር ኮታው አልቆ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ ባዶ ቦታ ካለው «ኤልኤስ -ኤልዲ /ሆም/ስም» ጻፉ። ባለቤቱ እናንተ መሆን አለባችሁ። «ሩት» የሚል ካያችሁ ከዚህ በፊት በሱዶ የሠራችሁት ነገር ባለቤትነቱን ወስዶባችኋል። «ሱዶ ቾውን ስም: /ሆም/ስም» ይመልሰዋል። በቤት ፎልደሩ ውስጥ ያለውን «.ኤክስኦቶሪቲ» የሚባል ፋይልም በተመሳሳይ መንገድ ፈትሹ፤ ኤክሷ ትልቅ ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቾውን»ን ከትልቋ አር ጋር በ«/» ወይም በ«/ኢቲሲ» ላይ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ከዚያ በኋላ የሚበላሸውን ለመጠገን ከባድ ነው።

ምክንያቱ አሁንም ካልታያችሁ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ኢ» ጻፉ። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ «ፓም» የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ። «ኦዝ ዶት ሎግ» የሚባለውን ፋይል ፈልጋችሁ ያጣችሁት ዴቢያን 12 ከሆነ አትደናገጡ፤ መዝጋቢው ፕሮግራም ከመጀመሪያው አብሮ አይጫንም።

ደረጃ 8፦ በየትም መግባት ካልቻላችሁ

ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን ደብሊዩኤስኤል የምትጠቀሙ ዕድለኞች ናችሁ። ፓወርሼል ከፍታችሁ «ደብሊዩኤስኤል -ዩ ሩት» ጻፉ። ያለ ፓስወርድ ሩት ሆናችሁ ትገባላችሁ። «ፓስውድ ስም» ብላችሁ አዲስ ፓስወርድ ስጡ።

ሌሎቻችሁ፦

1. ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ሲነሳ አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ እስኬፕ መታ መታ አድርጉ፤ የቆዩት ላይ ሺፍት ይዛችሁ ቆዩ። ግራብ የሚባለው ዝርዝር ይመጣል።
2. ኡቡንቱ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቡና «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን ምረጡ። ከሚመጣው ዝርዝር «ሩት» የሚለውን ምረጡ።
3. «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊዩ /» ጻፉ። ከኮማው በኋላ ክፍተት የለም፤ ከመጨረሻዋ ስላሽ (/) በፊት ግን አለ።
4. «ፓስውድ ስም» ጻፉና አዲሱን ፓስወርድ ሁለት ጊዜ አስገቡ። ስሙን ከረሳችሁት የሚቀየረው የሩት ፓስወርድ ነው።
5. «ሪቡት» ጻፉ።

ከእነዚህ አራተኛው ላይ «ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር» ካለ፣ ሦስተኛውን ዘላችሁታል ወይም ተሳስታችሁታል ማለት ነው። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ስለተከፈተ አዲሱን ፓስወርድ መጻፍ አልቻለም። ተመልሳችሁ ሦስተኛውን ድገሙ።

ዴቢያን ላይ ሪከቨሪ ሞድ ራሱ የሩት ፓስወርድ ይጠይቃል። ከሌላችሁ ግራብ ላይ የመጀመሪያውን መስመር መርጣችሁ ኢ ምቱ። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው ረጅም መስመር መጨረሻ ላይ ክፍተት ትታችሁ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ጨምሩ። ኢኒት አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ ነው። ኮንትሮል እና ኤክስ ተጫኑ። ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሥሩ። በ«ሪቡት» ምትክ መጀመሪያ «ሲንክ»፣ ቀጥሎ «ሪቡት -ኤፍ» ጻፉ። ሲንክ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ ነው። ፌዶራ ላይ ይህን መንገድ ከተጠቀማችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ተች /.ኦቶሪሌብል» ጻፉ። ተች ቲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ሲ፣ ኤች ነው፤ ኦቶሪሌብል ደግሞ ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤል። ካልጻፋችሁት አዲሱን ፓስወርድም ላይቀበል ይችላል። በሚቀጥለው መነሻ ፋይሎቹን እንደ አዲስ ስለሚያስተካክል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አታቋርጡት።

ዲስካችሁ ሲጫን የተመሰጠረ ከሆነ መጀመሪያ የዲስኩን ቁልፍ ይጠይቃል። እሱን ከረሳችሁት ይህ መንገድ አይሠራም።

ተሳክቶ ስትገቡ ኖም ላይ «ኪሪንግ» የሚባል መስኮት ወጥቶ ፓስወርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የሚፈልገው የድሮውን ነው። የዋይፋይና የብሮውዘር ፓስወርዶቻችሁ የተቆለፉት በእሱ ሊሆን ይችላል። የድሮው ትዝ ካላችሁ አስገቡትና «ፓስወርድስ ኤንድ ኪይስ» በሚለው ፕሮግራም ወደ አዲሱ ቀይሩት። ትዝ ካላላችሁ ኪሪንጉን ሰርዛችሁ አዲስ ፍጠሩ፤ የተቀመጡትን ፓስወርዶች አንድ በአንድ እንደገና ታስገባላችሁ።